የአንኮበሩ ንጉሥ ውርስ በማን እጅ ነው?

የአንድ ሟች ንጉሥ ስም ሕገ መንግሥት ውስጥ ገብቶ ያውቃል? በእኛ አገር ገብቷል። በ1923 ዓ.ም የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ዙፋኑ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር እንዳይወጣ ሲደነግግ፣ የዘሩን ሐረግ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ይጀምርና ወደ ቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከዚያም ወደ ንግሥተ ሳባና ወደ ሰሎሞን ይወጣል። በ1948 ዓ.ም ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ሲወጣም ስሙን የነካው አልነበረም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ሕገ መንግሥቱ ሲታገድ ግን እሱም አብሮ ታገደ። 43 ዓመት ሕግ ሆኖ የኖረ ስም በአንድ ቀን አዋጅ ተራ ስም ሆነ።

ስሙ እዚያ የገባው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ልጁ ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ራስ መኰንንን ወለደች፤ ራስ መኰንን ደግሞ ጃንሆይን ወለደ። ሌላው ልጁ ኃይለ መለኮት ምኒልክን ወለደ። ሣህለ ሥላሴ እንግዲህ ለሁለት ንጉሠ ነገሥታት መሰላል ሆኖ አገልግሏል ማለት ነው። መሰላል ግን ይረገጣል እንጂ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ዛሬ ተምሬያለሁ የሚለውን ሰው «ሣህለ ሥላሴ ማነው?» ብትሉት፣ ከመለሰላችሁ «የምኒልክ አያት» ይላችኋል። አለቀ። እኔ ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁት ከዚህ ከ«አያት» ወዲያ ስላለው ሰውዬ፣ ደግሞም የእሱን ነገር ለልጆቻችን እንዴት አድርገን እንደምናስረክብ ነው። (ከዚህ በኋላ የፈረንጆቹን ሰነድ ስጠቅስ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ዓ.ም ያልኩበት የኛው ነው።)

ነገሩን ባጭሩ እንየው። አባቱ ራስ ወሰን ሰገድ በ1813 በገዛ አሽከሩ እጅ ሲገደል ሣህለ ሥላሴ ገና ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ታላቅ ወንድሙ በኩሬ ደርሶ አልጋውን ከመያዙ በፊት ቀደመው። ቀድሞም አሰረው። ከዚያ በኋላ 34 ዓመት ገዛ፤ በ1847 ሞተ። አባቶቹ «መርዕድ አዝማች» ይባሉ የነበሩትን፣ አባቱም «ራስ» የተባለበትን እሱ «ንጉሥ» አለው፤ ጎንደር ላይ ነገሥታቱ የመሳፍንቱ መጫወቻ በሆኑበት ዘመን ይሄን ለማለት ድፍረትም አቅምም ይጠይቃል። አንኮበር ተቀመጠ፣ አንጎለላን ቆረቆረ፣ ደብረ ብርሃን ከረመ። በነሐሴ 1836 ዓ.ም አንጎለላ ላይ የልጅ ልጅ ሲወለድለት ምኒልክ የሚለውን ስም ያወጣለት እሱ ነው ይባላል፤ ለራሴ ላደርገው አስቤ የነበረ ስም ነው ብሎ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሣህለ ሥላሴ ዕድለኛ የሆነው በጽሑፍ ነው። ዕድለኛ ልበለው ወይስ ዕድለ ቢስ፣ እናንተ ፍረዱ። ከ1835 እስከ 1843 ባሉት ጥቂት ዓመታት ወደ ሸዋ ያልወጣ ፈረንጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሚሲዮናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፕፍ የዕለት ማስታወሻቸውን ጻፉ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት መጽሐፍ አሳተመ። ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክተኞች መርቶ በ1841 ገባ፤ አገሩ ሲመለስም ሦስት ቅጽ መጽሐፍ አወጣ፣ «ሰር»ም ተባለ። ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ከአንኮበር ሥር፣ አልዩ አምባ ገበያ ላይ ቤት ይዞ ታሞ ሰነበተና እሱም ጻፈ። ከሃሪስ ጋር የመጣው ሠዓሊ በርናትዝ አገሩን በሥዕል አስቀረው። የንጉሡ ግብር፣ ፈረሱ፣ ሕመሙ፣ አንዱ ዓይኑ መጥፋቱ፣ ቁጣውና ቀልዱ ሳይቀር ተመዝግቧል። በዚያ ዘመን ከነበሩት የአገራችን ገዢዎች ይህን ያህል ከቅርብ የታየ አለ ብዬ አላምንም።

ወዲህ ወደኛ ስንመጣስ? ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የምኒልክን ታሪክ ጽፏል፤ መጽሐፉ በ1959 ዓ.ም አዲስ አበባ ታትሟል፤ ሣህለ ሥላሴ እዚያ ውስጥ ለልጅ ልጁ መግቢያ ሆኖ ነው ያለው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የታሪክ ትምህርታችንም እንደዚያው ነው።

አስተማሪ በነበርኩበት ዘመን ስለ ተጓዦች ጽሑፍ አንድ ኮርስ አስተምር ነበር። አንድ ቀን የሣህለ ሥላሴን ስም ባነሳ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ከመንዝ የመጣ አንድ ልጅ አገር ያቀና፣ ደግና አዋቂ ንጉሥ መሆኑን ተነስቶ መሰከረ። ከወለጋ የመጣ ሌላ ልጅ ደግሞ ከብት ዘራፊ፣ መንደር አቃጣይ ነው አለ። ሁለቱም ተቆጥተዋል። «የት አነበባችሁ?» አልኳቸው። ሁለቱም አላነበቡም፤ ሰምተው ነው። አንደኛው ከአያቱ፣ ሁለተኛው ከፖለቲካ ስብሰባ። ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ። ውርስ እኮ ሳንጠብቀውም ይተላለፋል። እኛ ሙዚየም ስላልሠራን ልጆቹ ባዶ እጃቸውን አይቀሩም፤ ጠቡን ይወርሱታል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሃሪስ ንጉሡን ተከትሎ በ1841 ስለዘመተበት ዘመቻ የጻፈውን ጥቂት ገጾች አባዝቼ አደልኳቸው። ዘመቻው ዛሬ አዲስ አበባ ወዳለችበት፣ ወደ ፊንፊኔ ሸለቆ ነው የወረደው። የመንዙ ልጅ እዚያ ውስጥ የሚቃጠሉ የኦሮሞ ጎጆዎችን፣ በተኙበት የተደረሰባቸውን ሰዎች፣ የሚነዱትን ከብቶችና የሚማረኩትን ሴቶችና ሕፃናት አገኘ። የወለጋው ልጅ ደግሞ በንጉሡ ጦር ውስጥ የሚጋልቡ የኦሮሞ ፈረሰኞችን አገኘ። ሁለቱም ያልፈለጉትን አነበቡ። በክፍሉ ውስጥ ጭቅጭቁ አልቆመም፣ ግን መልኩን ለወጠ፤ ጥያቄ መጠየቅ ጀመሩ።

ይህን የማነሳው የሣህለ ሥላሴን ውርስ እናስጠብቅ የሚሉ ወዳጆቼ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ታጥቦ የተተኮሰውን ንጉሥ ስለሆነ ነው። ከደቡብ የሚመጣው የባሪያ ንግድ በሸዋ ገበያዎች አልፎ ወደ ታጁራ ይወርድ እንደነበር፣ ንጉሡም ከዚያ ቀረጥ ይቀበል እንደነበር ሲነሳ ፊታቸው ይጠቁራል። ሌሎቹ ደግሞ የሚፈልጉት ጥቁሩን ብቻ ነው። ለእነዚህኞቹ ይፋት የሚባለውን አገር ለንጉሡ ያስተዳድር የነበረው የድሮዎቹ የወላስማዎች ዘር የሆነ ሙስሊም፣ ወላስማ መሐመድ እንደነበር፣ የአርጎባውና የአፋሩ ነጋዴ አልዩ አምባ ላይ እንደ ልቡ ይነግድ እንደነበር ቢነገራቸው አይጥማቸውም። ክራፕፍ አንኮበር ተቀምጦ የኦሮሞን ቋንቋ ተምሮ፣ በ1840 ለንደን ላይ የሰዋስው መጽሐፍ ማሳተሙንስ ስንቶቻችን እናውቃለን? (ርእሱ ላይ የጻፈው በዘመኑ ልማድ ዛሬ የማንጠራበትን ስም ነው።) ከወንጌልም ክፍል ወደ ኦሮምኛ አስተረጎመ። በኦሮምኛ ከታተሙት የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት ዋነኞቹ የተጠነሰሱት በዚህ ንጉሥ ከተማ ነው። እዚያው ከተማ ነው ዘመቻውም የሚታወጀው። አንዱን ቀርቶ ሌላውን መያዝ አይቻልም።

ስለ ሃሪስ ግን ማስጠንቀቂያ ላክልበት። ሰውዬው ከመጠን በላይ ያስጌጣል። አንድ ኮረብታ ለመውጣት ሦስት ገጽ ይፈጅበታል፤ ጽሑፉ ላይ ሽቶ የደፋበት ነው የሚመስለው። እኛንም ከላይ ወደታች ነው የሚያየን። ጆንስተን በዘመኑ ሳይቀር ይተቸው ነበር። ሆኖም አንዳንድ ጊዜ ያን ሁሉ ሽቶ ጥሶ የሚወጣ ነገር ያሳየናል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ የጎንቾው ነው።

ጎንቾ በይፋት በኩል ያለ የንጉሡ ወህኒ ነው፤ ጠባቂው ያው ወላስማ መሐመድ ነው። በሸዋ ወግ አንዱ ሲነግሥ ወንድሞቹ ይታሰራሉ። ክፋት ብቻ አይደለም፤ በወንድማማቾች ጦርነት አገር እንዳይጠፋ የተገኘ መላ ነው፤ ጎንደሮቹም ወህኒ አምባ ነበራቸው። የታሰሩት ሰዎች ግን ምንም ያደረጉት ነገር የለም። ጥፋታቸው ከንጉሥ መወለዳቸው ነው። ሣህለ ሥላሴ በነገሠ በሠላሳኛው ዓመት ገደማ፣ በ1843 መጀመሪያ፣ ታሞ ከርሞ ነበርና ልቡ ራርቷል። ሃሪስ እስረኞቹን እንዲፈታ ለመነው፤ ሌሎችም ሳይለምኑት አልቀሩም። ንጉሡም እሺ አለ።

ሰባት ሆነው መጡ። ሰንሰለቱ ከዓመታት መፋተግ ብዛት እንደ መስተዋት ያበራል። አንዱ በአንዱ ትከሻ ተደግፎ፣ እግራቸው ረጅም እርምጃ መራመድ ረስቶ፣ እየተንሻተቱ ወደ ወንድማቸው ፊት ቀረቡ። በእጃቸው ምን ይዘው ነበር? በእስራቸው ዘመን ከእንጨትና ከዝሆን ጥርስ የቀረጿቸውን ሚዶዎችና በገናዎች። ለንጉሡ እጅ መንሻ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍም። ሚዶ! ሠላሳ ዓመት የተቆለፈበት የንጉሥ ልጅ ሚዶ ይቀርጻል። የማን ፀጉር ሊበጠርበት? ደግሞስ የዝሆን ጥርሱን ማን አቀበለው? ጥርስ የሚያቀብለው ሰው ነበረ ማለት ነው፤ የእጁን ሥራ አይቶ «አበጀህ» የሚለው ሰው ነበረ ማለት ነው። ይህን ታሪክ ሃሪስ ራሱን ጀግና አድርጎ እንደተረከው አውቃለሁ፤ የለንደን አንባቢ ባሪያ ነጻ አውጪ፣ እስረኛ አስፈቺ እንግሊዛዊ ማየት ይወዳል። ሚዶውን ግን ለምን ብሎ ይፈጥረዋል? ለጀግንነቱ ምንም አይጨምርለትም። አየና ጻፈው። በእኔ ግምት ሣህለ ሥላሴን ለአንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ላስተዋውቅ ብል ከዘውዱ አልጀምርም፤ ከዚህ ነው የምጀምረው። አሳሪውም ፈቺውም አንድ ሰው የሆነበት፣ ሰውዬው በሙሉ ቁመቱ የሚታይበት ቦታ ነውና።

ታዲያ ይህ ሁሉ የት ነው ያለው? ዞሮ ዞሮ ከባሕር ማዶ። ንጉሡ ከእንግሊዝ ጋር ኅዳር 16 ቀን 1841፣ ከፈረንሳይ ጋር ሰኔ 7 ቀን 1843 (ሁለቱም በፈረንጅ) የተፈራረመው ውል፣ የላካቸው ደብዳቤዎች፣ ጠመንጃና መድፍ ላኩልኝ ያለበት ሁሉ በየቤተ መዛግብታቸው ተቀምጧል። ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩቤንሰን እንዲህ ያሉትን ደብዳቤዎችና ውሎች አሰባስቦ በ1987 አንድ ትልቅ መጽሐፍ አድርጎ አውጥቷቸዋል፤ የአማርኛው ቃል እንዳለ ይነበባል። የመቅደላን መጻሕፍትና ጽላት መልሱ ብለን እንጮኻለን፤ መጮኽም ይገባናል። ሣህለ ሥላሴ ግን ተዘርፎ አልሄደም፤ በማስታወሻ ደብተር ተጽፎ ነው የሄደው። እሱን ለመመለስ አምባሳደር አያስፈልግም፣ የፓርላማ ክርክር አያስፈልግም። ጥሩ ተርጓሚና ወረቀት ብቻ ነው የሚፈልገው። አንድ ከተማ በዓመት ለበዓል ከሚያወጣው ድንኳንና ሙዚቃ ያነሰ ወጪ ነው።

እኛ ግን ውርስ ሲባል የሚታየን ድንጋይ ነው። ድንጋይ አልጠላም። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሲመረቅ ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። ጋና ውስጥ ኩማሲ ላይ የአሻንቲ ነገሥታት ይኖሩበት የነበረው የማንሂያ ቤተ መንግሥት በ1995 ሙዚየም ሆኗል። እዚያ ግን ቤቱ አለ፤ ንጉሡም እስከ ዛሬ አለ፤ የሚያስተርክ ወግም አለ። አንኮበር ላይ ቤቱ የለም። ከኮረብታው አናት የቀረው በድንጋይና በኖራ የተሠራ የግንብ ቁራጭ ነው፤ እሱም የምኒልክ ዘመን ነው የሚባለው። የድሮውን ቤተ መንግሥት አስመስሎ እንግዳ ማረፊያ ያሠራ ባለሀብት ተገኝቷል። አልነቅፈውም፤ ቢያንስ ኮረብታውን አስታውሶታል፤ እንጀራም ፈጥሯል። ነገር ግን አስመስሎ የተሠራ ቤት፣ የሚነገርበት ታሪክ ከሌለው፣ ጥሩ እይታ ያለው መኝታ ነው።

እንዲያውም አንኮበርን ሌሎች ከእኛ በተሻለ ያስታውሷታል። የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ከአንኮበር ሥር ልጥ ማረፊያ ላይ ጣቢያ ነበረው፤ መሪው ማርኬዝ አንቲኖሪ በ1882 እዚያው ሞቶ ተቀበረ፤ ጣሊያኖቹ ስሙን አልረሱም። የፈረንጅ ወፍ አጥኚዎች ደግሞ እዚያ ገደል ላይ ያገኟትን ትንሽ ወፍ በ1979 በአንኮበር ስም ሰየሟት፤ እሷን ለማየት ብቻ ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው አለ። ባለቅኔው ራምቦ በ1887 ጠመንጃ ጭኖ አንኮበር ገብቷል፤ ምኒልክ እንጦጦ ነበርና ተከትሎት ሄደ። ሐረር ላይ ራምቦ ያልኖረበት ቤት «የራምቦ ቤት» ተብሎ ሙዚየም ሆኗል። አንኮበር፣ በእግሩ የረገጣት ከተማ፣ ስሙን እንኳ አታነሳም። የሐረር ሰዎች ብልሆች ናቸው፤ በዚህ አልቀየማቸውም።

እኔ ብጠየቅ ግንቡን ለኋላ አቆየዋለሁ። መጀመሪያ ክራፕፍ፣ ሮሼ፣ ጆንስተንና ሃሪስ፣ ስለ ሸዋ የጻፉት ብቻ እንኳ ተመርጦ፣ ስድቡም ሳይነቀል፣ ከግርጌ ማስታወሻ ጋር በአማርኛም በኦሮምኛም በርካሽ ይታተም። ደብረ ብርሃን በ1999 ዓ.ም የተከፈተ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ አንኮበር ከእሷ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተማሪዎቹ መቅረጫ ይዘው መንዝና ተጉለት ብቻ ሳይሆን ወደ ሰላሌ፣ ወደ አርጎባው መንደር፣ ወደ ሸማኔውና ወደ ጠይቡ ቤትም ይውረዱ። ዘመቻ የወጣው ወገን ልጅ የሚያወራውን፣ ዘመቻ የወረደበት ወገን ልጅ የሚያወራውን ጎን ለጎን ያስቀምጡት። ይህን የምለው በጥድፊያ ነው። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሳው ጦርነት መንገዱን ዘግቷል፣ ሰውን በትኗል፤ በዕቃ ቤት ያለ ብራናና በሽማግሌ ልብ ያለ ነገር ጦርነት እስኪያልቅ የሚጠብቅበት ውል የለውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ፣ ወደ ኮረብታው ወጥቼ ነበር። ደረጃውን ስጨርስ ትንፋሼ ተቆራርጦ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆላውን፣ ወደ አፋር የሚወርደውን ጭጋግ ያያሉ። ሰላምታ ተለዋወጥን።

«አባባ፣ የሣህለ ሥላሴ ቤት የቱ ጋ ነበር?» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። «ምኒልክን ነው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ፤ አያትየውን ማን ይጠይቃል?» አሉና ሳቅ አሉ። «ፈረንጆቹ ጽፈውላቸዋል አሉ። እውነት ነው? ምን ብለው ጻፉ?»

እኔም እዚያው ድንጋይ ላይ እንደተቀመጥኩ የጎንቾውን ታሪክ ከትዝታዬ እየተረጎምኩ ነገርኳቸው። ሰባቱን፣ ሰንሰለቱን፣ የያዙትን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ።

«ሚዶ ነው ያሉት፣ ልጄ?»

«አዎ፣ ሚዶና በገና።»

«በገናውስ እሺ፤ መዝሙር ይደግሙበታል። ሚዶውን…» በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ከምን ሠሩት ይላል? ከቀንድ ነው?»

«ከእንጨትም፣ ከዝሆን ጥርስም» አልኳቸው።